ሃያ ሰከንድ የማይበቃው እግር

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለተቀረው ሠራተኛ «ወይ ፍንክች» ናት። ስሙን ያወጣላት የበር ጥበቃው ነው። አንድ ቀን ጠዋት መታወቂያዋን ረስታ መጣች፤ እሱም እንደ ደንቡ «ተመልሰሽ አምጪ» አላት። «ስንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እንደምን አደርሽ ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ማን እንደሆንኩ ካርድ ይንገርህ?» ብላ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ኃላፊዋ መጥቶ እስኪያስገባት ድረስ ቢለምኗትም ቢቆጧትም አልተነሳችም። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው። ግን እሷን ጥፋተኛ ነሽ ብሎ ማሳመን ውሃ ወቀጣ ነው። ቅጽል ስሙ ሲወጣላት ሰው ሁሉ ትከፋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ እቴ፣ ጭራሽ ወደደችው።

ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ቢሮዋ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከግድግዳው ማዶ የልብስ ማጠቢያው ስላለ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩም ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ከእሷ ራስ በላይ የተመላላሽ ታካሚዎች አዳራሽ አለ። ታካሚ ሲመጣ ጣቱን አስነክቶ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይቀመጣል። ከየበሩ በላይ ያለው ስክሪን ቁጥሩን ሲያሳይና ድምፅ ማጉያው ሲጠራው ተነስቶ በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መሣሪያ በጣቱ ይነካል፣ በሩም ይከፈትለታል። ተራ እንዳይሸጥ ተብሎ ነው ጣት የተፈለገው፤ ሰው ልኮ ማስነካት አይቻልም። በሃያ ሰከንድ ውስጥ ካልነካ ፕሮግራሙ የሚቀጥለውን ሰው ይጠራል፣ ያለፈው ወደ ወረፋው ጭራ ይመለሳል።

ሃያ ሰከንድ ለዓይን ሐኪሙ በር ይበቃ ይሆናል። ለአጥንት ክፍሉ ግን ስድብ ነው። እዚያ በር ፊት የሚቀመጠው በክራንች የሚሄድ፣ ጄሶ የታሰረ፣ ወገቡ አልታዘዝ ያለው ሰው ነው። ሃያውን የለካው ፕሮግራሙን ያስገባው ድርጅት ነው ይባላል፤ አንድ ጎረምሳ ሰዓቱን እያየ ከወንበር እስከ በር ተራመደና «ይበቃል» አለ። ለእሱማ ለምን አይበቃውም።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በእግር የሚረገጥ መኪና ላይ ኖራ ዳሌዋ አልቋል፤ ከወንበር ለመነሳት ብቻ ሁለት ጊዜ መሞከር አለባት። የሰፈሩ ሐኪም «በዚህ ዓመት ካልታየ ቀዶ ጥገናም አይረዳው፤ ከዚያ በኋላ መራመድ አይኖርም» ብሎ ወደ ሆስፒታሉ ላካት። ወራት ጠብቃ ያገኘችውን ቀጠሮ ይዛ ስትመጣ «ልጄ እዚህ ትሠራለች» ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። ተጠራች፣ ተነሳች፣ መሃል አዳራሽ ስትደርስ ቁጥሩ ተቀየረ። ወደ ጭራ ተመለሰች፤ ጭራው ሳይደርስ ክፍሉ ተዘጋ። ሌላ ቀጠሮ ሰጧት። ልጅቷ ነገሩን የሰማችው ከሥራ ስትመለስ ነው፤ ያውም እናቷ እየሳቀች ስትነግራት። «እዚያ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ባቡር የሚያመልጣት ነው የሚመስላት» አለቻት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ልጅቷ ከምድር ቤት ወጥታ ዓምድ ተደግፋ ቆመች። ያው ሆነ። እናቷ መሃል አዳራሽ ላይ ቁጥሯን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ወደፊት ትሂድ ወደ ኋላ ትመለስ ግራ ገብቷት ስክሪኑን ቀና ብላ ስታይ፣ የልጅቷ አንጀት እርር አለ። ንዴቷ በሌላ ሰው ላይ አልነበረም፤ በራሷ ላይ ነበር። ያንን ፕሮግራም በየቀኑ የምትጠግነው እሷ ናት።

«ያቺን ሃያ ሰከንድ አትቀይሪያትም?» አለቻት እናቷ ቤት ሲገቡ።

«አይቻልም እማዬ። ሃያዋ ከፕሮግራሙ ጋር አብራ ተገንብታለች። እሷን ለመንካት ፕሮግራሙ በሙሉ እንደ አዲስ መገንባት አለበት፤ ፋርማሲውም፣ አልጋውም፣ ላብራቶሪውም። ከዚያ ይፈተሻል፣ አለቃ ሁሉ ይፈርማል፣ አንድ እሑድ ሁሉም ነገር ይቆማል።»

«የተማሪ ልብስ ስሰፋ እጥፉን ሰፊ አድርጌ የምተወው ለምን ይመስልሻል?»

«ልጁ ሲያድግ እንዲረዝምለት።»

«ክሩን ፈትቶ ማስረዘም ነው። ሱሪው አጠረ ብሎ ሱሪውን እንደ አዲስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ? እናንተን ማን ነው ሙያ ያስተማራችሁ?»

ልጅቷ የሱሪውን እጥፍ እያሰበች አደረች።

ፕሮግራሙ እንዲህ ድፍን የሆነው በስንፍና አይደለም። በፊት ሴቲንጎቹ ለሁሉም ክፍት ነበሩ፤ ማንም እየገባ የፈለገውን ይነካካ ነበር። አንድ ቀን አንዱ የላብራቶሪ ሠራተኛ የክፍል ቁጥር ላስተካክል ብሎ፣ የሰው ሁሉ የደም ውጤት ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ወሊድ ክፍል ሲሄድ ዋለ። የወንዶቹም ጭምር። የተጠየቀው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ቁጥር ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ቀበራት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ነው። ግን አንድ ሰው ስለደነገጠ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተራውን ይጣ? እሷ እንዲህ ብላ ጠየቀች፤ መልሱንም ራሷ መለሰችው።

ዕድሏ የመጣው ድምፅ ማጉያው መንተባተብ ሲጀምር ነው። «ቁጥር አርባ አርባ አርባ ሁለት» እያለ አዳራሹን ማሳቅ ሲያበዛ፣ ኃላፊው የጥሪውን ክፍል እንድትጠግን አዘዛት። እሷ ከሥሩ አፍርሳ እንደገና ጻፈችው። መንተባተቡን አስቀረች። በየበሩ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ፣ ድምፁ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ደግሞ ከፕሮግራሙ አውጥታ አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ለብቻ አስቀመጠች። ፕሮግራሙ ሥራውን እየሠራ በየመሃሉ ፋይሏን ገልመጥ ያደርጋል፤ የተለወጠ ነገር ካየ ይቀበላል። መገንባት የለ፣ ማጥፋት የለ፣ ማብራት የለ። እሑድ አዲሱ ግንባታ ገባ፤ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ሄዳ ያደረገችውን ራሷ ነገረችው።

«ፈቃድ ጠይቀሻል?» አላት።

«ብጠይቅ እምቢ ይሉኝ ነበር።»

«ስለዚህስ?»

«ስለዚህ አልጠየቅኩም።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «ቁጥሯን እንዳትነኪ። በሚቀጥለው ግንባታ መልሰሽ ትዘጊዋለሽ» አላት። እሷ «እሺ» አላለችም። «እምቢ»ም አላለችም፤ ይህ ከእሷ ሲመጣ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር።

በቀጥታ የሄደችው ወደ አጥንት ክፍሉ ሲስተር ነው። ፋይሏን ለራሷ ይዛ ብትቀር ጉራ ይሆን ነበር፤ ሰው በምን ፍጥነት እንደሚራመድ የምታውቀው ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ የምትውለው ሲስተር ናት። በሲስተር ኮምፒውተር ላይ ፋይሏን ከፈተችላትና «ይህችን ቁጥር እንደ ሕመምተኛሽ አድርጊያት» ብላት ወረደች። ምድር ቤት ከመድረሷ በፊት ከላይ ጩኸት ሰማች።

ሲስተር የምትኖረው በደቂቃ ነው። ጄሶው ስንት ደቂቃ ይደርቅ፣ መርፌው ከስንት ደቂቃ በኋላ ይሥራ፣ ሁሉ ነገሯ ደቂቃ ነው። ለሕመምተኞቿ ሁለት ደቂቃ ሰጥታ ልትክሳቸው «2» ብላ ጻፈች። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው ሰከንድ ነው። በየሁለት ሰከንዱ አዲስ ቁጥር ይጠራ ጀመር። ድምፅ ማጉያዋ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች፤ ክራንች ከክራንች ይጋጫል፤ የተቀመጠው ይነሳል፣ የተነሳው ይቀመጣል፤ አንድ ሽማግሌ «ሁላችንንም ጠርታ ልትጨርሰን ነው» እያሉ ይስቃሉ፣ ሌላው ይሳደባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና የደረቀችውን ሲስተር ገለል አድርጋ ቁጥሯን አስተካከለች። ስክሪኑ ሳይጠፋ ረጋ። የአዳራሹ ግማሽ ግን ጭራ ላይ ነበር፤ የዚያን ቀን ሳይታዩ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ።

ኃላፊው ሲመጣ ሲስተር ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«ጥፋቱ የሲስተር አይደለም» አለች ልጅቷ። «ሰከንድ መሆኑን አልነገርኳትም፤ ፋይሏም የተጻፈላትን ሁሉ እንድትቀበል አድርጌ የተውኳት እኔ ነኝ።»

ጥፋት ስታምን ያያት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ኃላፊው ድል ያደረገ መሰለው። እሷ ግን ከሰዓት በኋላ ለሲስተር አንዲት ትንሽ ገጽ ሠራችላት፤ ከፕሮግራሙ ውጭ ናት፣ መገንባት አያስፈልጋትም። ገጿ «ስንት ደቂቃ ይጠበቅ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ወደ ሰከንድ ራሷ ትቀይራለች፤ የማይሆን ቁጥር ከተጻፈባት አትቀበልም፣ በነበረው ትቀጥላለች። ሲስተር ጥያቄውን ሁለቴ አንብባ ደቂቃ ተኩል ብላ ጻፈች። አዳራሹ ዝም አለ፤ ሰዎች ሳይሮጡ መራመድ ጀመሩ።

ኃላፊው ነገሩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ላከው። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ጠርቶ አስቀመጣት፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ስለ እናትሽ ሰምቻለሁ። ለምን አልነገርሽኝም? ሐሙስ በሠራተኛ በር ይዘሻቸው ነይ፤ ሐኪሙን እኔ አናግረዋለሁ። ይህችን ነገር ደግሞ ዝጊያትና ኮሚቴም ምንም ሳያስፈልገን እንጨርሰው።»

እዚህ ላይ ልቧ ፍንክች አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። የእናቷ ዳሌ ነው። ሐሙስ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ቤት ሄዳ ነገረቻት። እናቷ የሰው ኮት እጅጌ እየፈታች ነበር፤ መቀሷን እንኳ አላስቀመጠችም።

«በጓሮ በር የሚገባ ሌባና ድመት ነው።»

«እማዬ፣ እግርሽ...»

«እግሬ የኔ ነው። እኔ በጓሮ ስገባ ያቺ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮስ? ልጅ የላትም እንዴ? ልጇ ኮምፒውተር ስላላወቀ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ተራዬን ነው የቀሙኝ። ተራዬን ይመልሱልኝ።»

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢዋ ለዘብ ያለች የአስተዳደር ሠራተኛ ናት። ኃላፊው ስለ ደም ውጤቶቹ ተናገረ፤ ስለ ሁለት ሰከንዱ ተናገረ። «ዛሬ ሰከንድ ነው፣ ነገ የመድኃኒት መጠን ይሆናል» አለ። ሐቅ ነበረው፤ አንዱ የኮሚቴ አባል ራሱን ነቀነቀ።

«የመድኃኒት መጠን አልከፈትኩም» አለች ልጅቷ። «የሚታሰረው ይታሰር፣ እሱን እኔም አልነካም። የሰው እርምጃ ግን አይታሰርም። የከፈትኩት እሱን ብቻ ነው።»

ሰብሳቢዋ «ይቅርታ ጠይቂና መልሰሽ ዝጊው፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል» አለቻት።

«ለተሳሳትኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በኔ ጥፋት ሳይታዩ የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ እነሱን እያንዳንዳቸውን እጠይቃለሁ። ስለከፈትኩት ግን አልጠይቅም። አልዘጋውምም።»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ኮሚቴ ፊት እምቢ ትያለሽ?» አለ ኃላፊው፤ ከመናደዱ ይልቅ መገረሙ ይበልጥ ነበር።

«እምቢ።»

ከፕሮግራም ሥራ ተነስታ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበች። ሥራዋ የተበላሸ ፕሪንተር መቀበልና ቀለም ማደል ሆነ። ሰው አዝኖላት ሊያጽናናት ሲመጣ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ፕሪንተር ፈታትታ ያገኛታል። ተከፍታለች ወይ? ተከፍታለች። የሠራችውን ነገር ሌላ ሰው ሲያፈርሰው ከሩቅ መጠበቅ ያማል፤ የማያም ቢሆን ኖሮ ድፍረት የሚባል ነገር ባላስፈለገ።

መዝጋቱ ግን እንደ ትእዛዙ አልፈጠነም። ለመዝጋትም መገንባት ያስፈልጋል፤ ለመገንባት ደግሞ ኃላፊው ራሱ ያወጣው ደንብ አለ፤ ፍተሻው፣ ፊርማው፣ እሑዱ። በራሱ ገመድ ተጠልፎ ሁለት ወር ፈጀበት። በእነዚያ ሁለት ወራት አዳራሹ ደቂቃ ተኩሉን ለመደ። ሰው ቁጥሩ ሲጠራ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ጎረቤቱ ክራንቹን ያቀብለዋል፤ ቁጥሩም ስክሪኑ ላይ ይጠብቀዋል። አንዴ የተቀመሰ ነገር ደግሞ አይረሳም።

ዝጉ ፕሮግራም እሑድ ገባ። ሃያዋ ተመለሰች። የሲስተር ገጽ ቁጥር ሲጻፍባት ዝም ትላለች፤ የሚሰማት የለም። የእናቷ ሦስተኛ ቀጠሮ ረቡዕ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እናትና ልጅ በፊት ለፊት በር ገቡ። ከበሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ተይዘዋል፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ማንኛውም አስታማሚ ናት። ኃላፊው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሥራውን አያያዝ እየተመለከተ ቆሟል። ሲያያቸው መጣና ጎንበስ አለ።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ? አሁንም አልረፈደም፤ ይምጡ በዚህ በኩል ላስገባዎት።»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ» አለችው። «ተራዬ ሲደርስ እገባለሁ።»

ልጅቷ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን ወለል በዓይኗ ለካች። እናቷ በሃያ ሰከንድ እንደማትደርስ ታውቃለች። ዛሬ ካመለጠ ሌላው ቀጠሮ በሚቀጥለው ዓመት ነው።

«ቁጥር አርባ ሰባት» አለች ድምፅ ማጉያዋ።

እናቷ አንድ ጊዜ ሞክራ ቀረች፤ በሁለተኛው ተነሳች። ልጅቷ ክንዷን ስትይዛት «ልቀቂኝ» አለቻት። ተራመደች። ሁለተኛው ረድፍ ሳትደርስ ስክሪኑ አርባ ስምንት አለ።

አርባ ስምንት ጉልበቱ ድረስ ጄሶ የታሰረ ሰውዬ ነው። የተቀመጠው በሩ ሥር ነው፤ እጁን ቢዘረጋ መሣሪያዋን ይነካል። ቁጥሩን አየ፣ የምትመጣዋን ሴት አየ። ከዚያ የቁጥር ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ወንበሩን ተደገፈ።

«ቁጥር አርባ ዘጠኝ።»

አርባ ዘጠኝ እጇን ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት። ብድግ ልትል ነበር፤ ሰውዬውን አየችውና መልሳ ተቀመጠች። ሃምሳ ተጠራ። ሃምሳም ከወንበሩ አልተነሳም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ከድምፅ ማጉያዋ ሌላ የእናቷ ጫማ ብቻ ነበር።

ኃላፊው ወደ መሃል ወጣ። «እናንተ፣ ተራችሁ እያለፋችሁ ነው እኮ። ጭራ ላይ ነው የምትመለሱት፣ ዛሬ ላትታዩ ነው።»

«ይለፈን» አለ ባለ ጄሶው።

ወይ ፍንክች አለቀሰች። ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ አሁን ግን እንባዋን አልጠረገችም፣ ፊቷንም አላዞረችም።

እናቷ በሩ ደረሰች። ጣቷን መሣሪያዋ ላይ ስታደርግ ቀይ በራ፤ ተራዋ ካለፈ ቆይቷል። ያኔ ሲስተር ከውስጥ በሩን በእጇ ከፈተችና ገፍታ ያዘችው። «ይግቡ፣ እናቴ» አለቻት።

እናቷ ወዲያው አልገባችም። የበሩን መቃን ይዛ ወደ አዳራሹ ዞረች።

«አርባ ስምንት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባለ ጄሶው።

«ከኔ ቀጥሎ አንተ ነህ። ስወጣ እኔው እጠራሃለሁ» አለችና ገባች።

ድምፅ ማጉያዋ ሃምሳ ሦስትን እየጠራች ነበር። ማንም አልተነሳም።